የታተመ ጥናት የሚሻረው እንዴት ነው?

እ.ኤ.አ. በ2017 የጸደይ ወራት በአሜሪካ የሚኒሶታ ግዛት የኩፍኝ ወረርሽኝ ተቀሰቀሰ። ወረርሽኙ ጋብ ሲል 75 ሰዎች መታመማቸው ታወቀ፤ አብዛኞቹም ያልተከተቡ፣ ቤተሰቦቻቸው ከሶማሊያ የመጡ ሕፃናት ነበሩ። በዚያ ማኅበረሰብ የኩፍኝ፣ የጆሮ ደግፍና የሩቤላ ጥምር ክትባት የወሰዱ ሕፃናት በ2004 ከመቶ 92 ነበሩ፤ ከአሥር ዓመት በኋላ ቁጥሩ ወደ 42 አሽቆለቆለ። ወላጆቹ ልጆቻቸውን ያላስከተቡት በቸልተኝነት አልነበረም። ክትባቱ ኦቲዝም ያስከትላል የሚለው ወሬ ከቤት ወደ ቤት ተዛምቶ ስለነበር፣ ልጆቻቸውን ከአደጋ የጠበቁ መስሏቸው ነው። የወሬው ዋና መነሻ በ1998 ለንደን ውስጥ የታተመ አንድ የጥናት ጽሑፍ ሲሆን፣ ያሳተመው መጽሔት ራሱ ወረርሽኙ ከመነሣቱ ሰባት ዓመት አስቀድሞ ሽሮት ነበር። (እዚህ የተጠቀሱት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

አንድ ጥናት ስሕተት ወይም ማጭበርበር አለበት የሚል አቤቱታ ሲቀርብ መርማሪው ማን ነው? ውሳኔውስ ለምን ይዘገያል? ከተሻረ በኋላ እንኳ ሰው ዘንድ መኖሩን የሚቀጥለው ለምንድን ነው?

ከኅትመት በፊትና በኋላ

አንድ ተመራማሪ ሥራውን ወደ ሳይንሳዊ መጽሔት ሲልክ አዘጋጁ በዘርፉ ለተሰማሩ ሁለት ወይም ሦስት ባለሙያዎች ይሰጠዋል። ይህ የአቻ ግምገማ ይባላል። ገምጋሚዎቹ አብዛኛውን ጊዜ ያለ ክፍያ፣ ከራሳቸው ሥራ በተረፈ ሰዓት የሚያነቡ ናቸው። የሚያዩትም የተጻፈውን ነው። የቤተ ሙከራውን ማስታወሻ ደብተር፣ የሕሙማኑን ካርድ፣ ከመሣሪያው የወጣውን ጥሬ መረጃ ብዙ ጊዜ አያዩም። ዘዴው ተገቢ ነው ወይ፣ መደምደሚያው ከቀረበው ማስረጃ ይወጣል ወይ ብለው ይጠይቃሉ እንጂ ጸሐፊው ዋሽቷል ብለው አይነሡም። በመሆኑም አንድ ጥናት በአቻ ተገምግሟል ሲባል ለባለሙያዎች ክርክር የሚበቃ ሆኖ ተገኝቷል ማለት ነው። ጠንካራው ፈተና የሚጀምረው ከታተመ በኋላ ነው።

አቤቱታ አቅራቢው ሙከራውን ደግሞት ያልተሳካለት ሌላ ተመራማሪ፣ በዚያው ቤተ ሙከራ የሚማር ወጣት፣ ወይም አንድ ፎቶግራፍ ለሁለት የተለያዩ ሙከራዎች ማስረጃ ሆኖ መቅረቡን ያስተዋለ አንባቢ ሊሆን ይችላል። ሆላንዳዊቷ የማይክሮባዮሎጂ ባለሙያ ኤሊዛቤት ቢክ ከባልደረቦቿ ጋር 20,621 የጥናት ጽሑፎችን መርምራ በ2016 ባሳተመችው ሥራ ከመቶ 3.8 በሚሆኑት ውስጥ አጠራጣሪ ምስሎችን አግኝታለች። የተጠቀመችው በዋናነት ዓይኗን ነበር።

አቤቱታው የሚሄድበትን መንገድ በተመለከተ ብዙ መጽሔቶች የሚመሩት በኅትመት ሥነ ምግባር ኮሚቴ መመሪያ ነው። ኮሚቴው በ1997 በጥቂት የብሪታንያ የሕክምና መጽሔት አዘጋጆች መመካከሪያነት ተጀምሮ ዛሬ በሺዎች የሚቆጠሩ መጽሔቶችን በአባልነት ይዟል። በመመሪያው መሠረት አዘጋጁ አቤቱታውን መቀበሉን ያሳውቃል፤ አቅራቢው ስሙን ባይገልጽ እንኳ ዝርዝር ማስረጃ እስካለው ድረስ ይዘቱን መመርመር ይገባዋል። ቀጥሎ ጸሐፊዎቹን ማብራሪያና ጥሬ መረጃ ይጠይቃል። መልሳቸው አጥጋቢ ካልሆነ ጉዳዩን ወደሚሠሩበት ዩኒቨርሲቲ ወይም ሆስፒታል ይመራዋል። ምርመራው የሚራዘም ከሆነ፣ አንባቢው ሳያውቅ እንዳይቆይ፣ በጽሑፉ ላይ የስጋት ማሳሰቢያ ሊያወጣ ይችላል። በመጨረሻም ጥፋቱ ጥቂት ከሆነ እርማት ይታተማል፤ ግኝቱ ራሱ የማይታመን ከሆነ ጽሑፉ ይሻራል።

መሻር ማለት መደምሰስ አይደለም። በይግባኝ የተሻረ የፍርድ ቤት ውሳኔ ከመዝገብ ቤት እንደማይጠፋ ሁሉ፣ የተሻረ ጥናትም ከነጉድለቱ በቦታው ይቀመጣል፤ በላዩ ላይ ግን መሻሩና የተሻረበት ምክንያት ይጻፍበታል። ዓላማውም የሳይንሱን መዝገብ ማረም ነው። ጸሐፊውን መቅጣት የቀጣሪው፣ የሙያ ምክር ቤቱ ወይም የፍርድ ቤቱ ፈንታ ነው።

በወረቀት ላይ ሲነበብ መንገዱ ቀና ይመስላል። ችግሩ ያለው በመካከሉ ነው። መጽሔት የማንንም ቢሮ የመፈተሽ ሥልጣን የለውም፤ ስለዚህ ዋናው ምርመራ የሚወድቀው በጸሐፊው ቀጣሪ ላይ ነው። ቀጣሪው ደግሞ ስሙ፣ የምርምር ገንዘቡና ታዋቂ ሠራተኛው የተያዙበት ባለጉዳይ ነው። ከሳሽ የቀረበበትን ሰው ራስህን መርምር ብሎ የመላክ ያህል የሚሆንበት ጊዜ አለ።

አሥራ ሁለት ሕፃናት፣ አሥራ ሁለት ዓመታት

የ1998ቱ ጥናት የዚህ ድክመት ግልጽ ማሳያ ነው። ‹‹ላንሴት›› በተባለው ዕውቅ የሕክምና መጽሔት ላይ የወጣው ጽሑፍ በለንደኑ ሮያል ፍሪ ሆስፒታል የታዩ 12 ሕፃናትን ብቻ ይመለከት ነበር። የአንጀት ሕመምና የዕድገት መዛባት እንዳለባቸው ገልጾ፣ የስምንቱ ወላጆች ችግሩ የጀመረው ከጥምር ክትባቱ በኋላ መሆኑን እንደተናገሩ ይጠቅሳል። ጽሑፉ ግንኙነቱን አላረጋገጥንም ይላል። ይሁን እንጂ ዋናው ጸሐፊ አንድሩ ዌክፊልድ በጋዜጠኞች ፊት ቀርቦ የጥምር ክትባቱ ቀርቶ እያንዳንዱ ለየብቻ እንዲሰጥ ሐሳብ አቀረበ። በእንግሊዝ ከመቶ 92 ደርሶ የነበረው የተከታቢዎች መጠን በ2003 እና በ2004 ወደ 80 ገደማ ወረደ።

በፌብሩዋሪ 2004 ብራያን ዲር የተባለ የሰንደይ ታይምስ ጋዜጠኛ ወደ ላንሴት ጽሕፈት ቤት ሄዶ የደረሰበትን አስረዳ። ዌክፊልድ በክትባቱ አምራቾች ላይ ክስ ለመመሥረት ይዘጋጅ ለነበረ ጠበቃ ተቀጥሮ ይሠራ እንደነበር፣ ይህንንም ለመጽሔቱ እንዳልገለጸ፣ በሕፃናቱ ላይ የተደረጉት ምርመራዎችም ተገቢው የሥነ ምግባር ፈቃድ እንደሌላቸው ገለጸ። መጽሔቱ ምን አደረገ? በሁለት ቀን ውስጥ መግለጫ አወጣ። የጥቅም ግጭቱ መነገር እንደነበረበት ሲቀበል፣ ሌሎቹን ዋና ዋና ክሶች ግን አልተቀበላቸውም። ማጣራቱን ያካሄዱት ሆስፒታሉና የጽሑፉ ዋና ዋና ጸሐፊዎች ራሳቸው ነበሩ። ጥያቄው የሕሙማኑን መዝገብ አውጥቶ ከታተመው ጋር ማመሳከርን የሚጠይቅ ነበር፤ በሁለት ቀን ደግሞ ይህን ማድረግ አይቻልም።

በቀጣዩ ወር ከ13ቱ ጸሐፊዎች 10ሩ ክትባቱን ከኦቲዝም ጋር ለሚያያይዘው ትርጓሜ ኃላፊነት እንደማይወስዱ አሳወቁ። ጽሑፉ ግን አልተሻረም። ዌክፊልድ በጋዜጠኛውና በቴሌቪዥን ጣቢያው በቻናል 4 ላይ የስም ማጥፋት ክስ መሥርቶ ነበር፤ በ2007 አነሣው። የስም ማጥፋት ክስ በሳይንስ አቤቱታ ላይ የሚያጠላው ጥላ ቀላል አይደለም፤ ጠበቃ መክፈል የማይችል ተራ ተመራማሪ ቢሆን ኖሮ ነገሩ እዚያው ሊቆም ይችል ነበር።

እውነቱ የወጣው ማስረጃ የማስቀረብ ሥልጣን ያለው አካል ሲገባበት ነው። የብሪታንያ ጠቅላላ የሕክምና ምክር ቤት በ2007 የጀመረው ችሎት ለረጅም ጊዜ ተሰምቶ፣ በጃንዋሪ 28 ቀን 2010 ግኝቱን ይፋ አደረገ። ዌክፊልድ ከጠበቃው ጋር ከያዘው ሥራ ወጪን ሳይጨምር 435,643 ፓውንድ ማግኘቱ በዲር ምርመራ ተጋልጧል። ምክር ቤቱ በበኩሉ ዌክፊልድ እምነት አጉድሏል አለ። ሕፃናቱ ለምርመራው በተገቢው ባልተፈቀደ ሁኔታ በአንጀታቸው ካሜራ እንደገባና ከአከርካሪያቸው ፈሳሽ እንደተቀዳም አረጋገጠ። በገዛ ልጁ የልደት ድግስ ላይ ለተገኙ ሕፃናት አምስት አምስት ፓውንድ ሰጥቶ ደማቸውን ማስቀዳቱም ከተረጋገጡት ነገሮች አንዱ ነው። ላንሴት ጽሑፉን ሙሉ በሙሉ የሻረው ከአምስት ቀን በኋላ፣ በፌብሩዋሪ 2 ነበር። በዚያው ዓመት ግንቦት ላይ ዌክፊልድ ከሐኪሞች መዝገብ ተፋቀ።

በ2011 መጀመሪያ ላይ ዲር ለብሪቲሽ ሜዲካል ጆርናል በጻፈው ምርመራ ደግሞ የአሥራ ሁለቱን ሕፃናት የሕክምና መዝገብ ከታተመው ጋር አመሳክሮ፣ ሳይዛነፍ የቀረበ የአንድም ልጅ ታሪክ እንደሌለ አሳየ። ቀድሞ ጤነኛ ነበሩ ከተባሉት ውስጥ አምስቱ ከክትባቱ በፊት የዕድገት ችግር ምልክት እንደነበረባቸው በመዝገባቸው ሰፍሯል። ይህ ሁሉ ሲሆን መዝገቡ ከመጀመሪያው ጀምሮ ነበረ።

አሥራ ሦስት ቀናት

በሌላ ጊዜ ደግሞ ነገሩ በፍጥነት ይሄዳል። በሜይ 22 ቀን 2020፣ የኮቪድ ወረርሽኝ ዓለምን ባስጨነቀበት ወቅት፣ ያው ላንሴት ሃይድሮክሲክሎሮኪን የተባለው የወባ መድኃኒት ለኮቪድ ሕሙማን ከመጥቀም ይልቅ ከፍ ካለ የሞት አደጋ ጋር ይያያዛል የሚል ጥናት አወጣ። መረጃው በስድስት አህጉራት ከሚገኙ 671 ሆስፒታሎችና ከ96,032 ሕሙማን ተሰበሰበ ተባለ፤ ያቀረበውም ሰርጂስፌር የተባለ አነስተኛ የአሜሪካ ኩባንያ ነበር። በሦስት ቀን ውስጥ የዓለም ጤና ድርጅት መድኃኒቱን በሚመለከት የጀመረውን ሙከራ ለጊዜው ማቆሙን አስታወቀ።

በሜይ 28 ከመቶ በላይ ተመራማሪዎች የፈረሙበት ግልጽ ደብዳቤ ወጣ። አንደኛው ጥያቄ ስለ አውስትራሊያ ነበር፤ በጥናቱ የተመዘገበው የአውስትራሊያ ሟች ቁጥር 73 ሲሆን፣ እስከ ኤፕሪል 21 በአገሪቱ በሙሉ በይፋ የታወቀው 67 ነበር። ሌላው ስለ አፍሪካ ነበር። በጥናቱ አኃዝ መሠረት በአህጉሩ ከነበሩት የኮቪድ ሕሙማን ሩብ ያህሉ፣ ከሟቾቹም ከመቶ 40 ገደማው፣ ዝርዝር የኤሌክትሮኒክስ መዝገብ ባላቸውና ከኩባንያው ጋር በተሳሰሩ ሆስፒታሎች የታከሙ መሆን ነበረባቸው። አዲስ አበባ ውስጥ ካርድ ክፍል ደጃፍ ተሰልፎ የወረቀት ማኅደሩ እስኪፈለግ የጠበቀ ሰው ሁሉ ይህን ለመጠርጠር የስታትስቲክስ ትምህርት አያስፈልገውም። የመጽሔቱ ገምጋሚዎች ግን አላነሡትም፤ ወይም ቢያነሡትም ኅትመቱን አላስቆመውም።

በዚህ ጊዜ ጥያቄው ጥሬ መረጃውን አሳዩን ወደሚለው አንድ ነጥብ በፍጥነት ደረሰ። ላንሴት በጁን 2 የስጋት ማሳሰቢያ አወጣ። ገለልተኛ ኦዲተሮች መረጃውን እንዲያዩ ሲጠየቅ ኩባንያው ከደንበኞቹ ጋር የገባው የምስጢር ውል አይፈቅድልኝም አለ። የኩባንያው ባለቤት ያልሆኑት ሦስት ጸሐፊዎች መረጃው እውነተኛ ስለመሆኑ ዋስ መሆን እንደማይችሉ ገልጸው፣ ጽሑፉ በጁን 4 ተሻረ። በዚያው ኩባንያ መረጃ ላይ የተመሠረተ ሌላ ጥናት ያተመው ኒው ኢንግላንድ ጆርናል ኦፍ ሜዲሲንም በዚያው ቀን ሻረ። አሥራ ሁለት ዓመት የፈጀው ነገር አሥራ ሦስት ቀን ፈጀ። ሁለተኛው በፍጥነት የተቋጨው ተቺዎቹ ብዙና በስማቸው የቀረቡ፣ ጥያቄያቸውም በቁጥር የተደገፈ ስለነበር ነው፤ የዓለም ዓይን በጉዳዩ ላይ መሆኑም ረድቷል። ዓለም የማያየው ጥናት ይህን ዕድል አያገኝም።

እዚህ ላይ ብዙዎች የተሳሳቱበት ነገር አለ። ጥናቱ ሲሻር መድኃኒቱ ይሠራል ማለት ነው ብለው የተደሰቱ ነበሩ። የአንድ ጥናት መሻር ያ ጥናት ማስረጃ መሆኑ ቀረ ማለት እንጂ ተቃራኒው እውነት ነው ማለት አይደለም። ከስረዛው በማግስቱ፣ በጁን 5፣ ሪከቨሪ የተባለው ትልቅ የብሪታንያ ሙከራ መድኃኒቱ ሆስፒታል ለተኙ የኮቪድ ሕሙማን ጥቅም እንዳልሰጠ አስታወቀ። በተመሳሳይ ሁኔታ ክትባቱ ከኦቲዝም ጋር ግንኙነት እንደሌለው የታወቀው ዌክፊልድ በመጋለጡ አይደለም፤ ከብዙዎቹ ጥናቶች አንዱ የሆነውና በ2019 ዴንማርክ ውስጥ 657,461 ሕፃናትን የተከታተለው ምርመራ ምንም የጨመረ አደጋ ስላላገኘ ነው።

ስሕተትና ንግድ

የሚሻር ጥናት ሁሉ የማጭበርበር ውጤት አይደለም። በ2018 በኬሚስትሪ የኖቤል ሽልማት ያገኘችው ፍራንሰስ አርኖልድ በ2020 መጀመሪያ ላይ በሳይንስ መጽሔት ያሳተመችው አንድ ጥናት መሻሩን በራሷ የትዊተር ገጽ አስታወቀች። ሙከራው ሲደገም ውጤቱ አልመጣም፤ ማስታወሻ ደብተሩ ሲታይም አንዳንድ ጥሬ መረጃ አልተገኘም። ሥራ በዝቶባት በሚገባ እንዳልተቆጣጠረች ገልጻ ይቅርታ ጠየቀች። ክብሯ አልተነካም፤ እንዲያውም ከፍ አለ። መሻር እንደ ውርደት ብቻ በሚታይበት አካባቢ ግን ስሕተቱን ያወቀ ተመራማሪ ዝም ማለትን ይመርጣል።

በሌላኛው ጫፍ ያለው ንግድ ነው። በ2023 በዓለም ዙሪያ ከ10,000 በላይ ጥናቶች የተሻሩ ሲሆን፣ ከእነዚህ ከ8,000 በላይ የሚሆኑት በካይሮ ተመሥርቶ በ2021 በአሜሪካው ዊሊ የተገዛው የሂንዳዊ መጽሔቶች ያወጧቸው ናቸው። ብዙዎቹ በእንግዳ አዘጋጆች የሚመሩ ልዩ እትሞችን መግቢያ በር አድርገው የገቡ፣ በገንዘብ የጸሐፊነት ስም በሚሸጡ የጽሑፍ ፋብሪካዎች የተመረቱ መሆናቸው ይጠረጠራል። የተሰረቀ ጽሑፍ በማሽን ቃላቱ እየተለወጡ ሲቀርብ፣ በእንግሊዝኛ የጡት ካንሰር የሚለው የታወቀ ስም ‹‹የደረት አደጋ›› እንደማለት ያለ እንግዳ ሐረግ ሆኖ ተገኝቷል። እንዲህ ያለውን ገምጋሚ አንብቦት ቢሆን ኖሮ ሳይስቅ አያልፍም ነበር።

ይህ ለኢትዮጵያውያን ምሁራንም ሩቅ አይደለም። በአገር ቤት ዩኒቨርሲቲዎች የማዕረግ ዕድገት ከታተመ ጥናት ጋር የተያያዘ ነው፤ በውጭ ያለ የዶክትሬት ተማሪም ከመመረቁ በፊት እንዲያሳትም የሚጠየቅበት ጊዜ ብዙ ነው። ፈጣን ኅትመት የሚያስፈልገው ሰው ባለበት ሁሉ ሻጭ አይጠፋም። ስሙ ባልሠራው ጥናት ላይ ገብቶ የተገኘ ሰው መዘዙን የሚሸከመው ራሱ ነው።

ቤተ ሙከራ ውስጥ የማይገባ ነገር ያየ ተማሪ ምን ያድርግ? አቤቱታ የሚሰማው ስለ ሰውየው ባሕርይ ሲጻፍ አይደለም። በየትኛው ገጽ፣ በየትኛው ሠንጠረዥ ወይም ምስል፣ ምን ከምን ጋር እንደማይገጥም ሲጻፍ አዘጋጁ ለማለፍ ይቸገራል። አጭበርብሯል ከማለት ይልቅ ‹‹እነዚህ ሁለት ምስሎች አንድ ናቸው፤ ይብራራልን›› ማለት ይበልጣል፤ ከስም ማጥፋት ክስም ያድናል። የተላከበትን ቀንና የተሰጠውን መልስ ማስቀመጥም ተገቢ ነው። መጽሔቱ ዝም ካለ፣ አባል ከሆነ፣ የአሠራር ጉድለቱን ለኅትመት ሥነ ምግባር ኮሚቴው ማሳወቅ ይቻላል። ከ2012 ጀምሮ በሥራ ላይ ባለው ፐብፒር በተባለው መድረክ ላይም ስም ሳይገልጹ ጥያቄን በአደባባይ ማስፈር ይቻላል። የመኖሪያ ፈቃዱ በፕሮፌሰሩ ፊርማ ላይ ለተንጠለጠለ የውጭ ተማሪ ስም የመደበቅ መብት ትልቅ ነገር ነው።

ተራው አንባቢ ደግሞ የጥናቱን ርእስ በመጽሔቱ በራሱ ድረ ገጽ ላይ ፈልጎ ማየት ይችላል፤ የተሻረ ከሆነ በላዩ ተጽፏል። በ2010 በሁለት ጋዜጠኞች የተጀመረው ሪትራክሽን ዎች ያሰባሰበው የተሻሩ ጥናቶች መዝገብም በ2023 ክሮስሬፍ ገዝቶት ለማንኛውም ሰው በነጻ ተከፍቷል። ዞቴሮ የተባለውን የማጣቀሻ ፕሮግራም የሚጠቀም ተማሪ ከ2019 ጀምሮ የተሻረ ጽሑፍ በስብስቡ ውስጥ ካለ ማስጠንቀቂያ ያገኛል። የዌክፊልድ ጽሑፍ በላንሴት ገጽ ላይ ዛሬም አለ፤ መሻሩም በየገጹ በቀይ ትልልቅ ፊደላት ታትሞበታል። በስልክ ከዘመድ ወደ ዘመድ የሚተላለፈው ቪዲዮ ግን ያ ቀይ ጽሑፍ የለበትም፤ ሚኒሶታ ያሉት እናቶች ዘንድ የደረሰውም ቀይ ጽሑፍ የሌለበት ወሬ ነበር።